ሰው ስለ ማን ይፈራል?
ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች አጀማመር

ሰው በተፈጥሮው ሰላምንና ዕረፍትን የሚሻ ፍጥረት ሆኖ ሳለ፣ የሚያስፈራውን ነገር ለማየት ገንዘቡን ከፍሎ በጨለማ አዳራሽ መቀመጡ የሚያስደንቅ ነገር ነው። በሌሊት የቤቱ በር ቢንኳኳ የሚደነግጠው ሰው፣ በሲኒማ ቤት ውስጥ ግን የሌላው ሰው በር ሲንኳኳ እስትንፋሱን ይዞ ያዳምጣል፤ ፍርሃቱም ያነሰ እንደ ሆነ ገንዘቤ በከንቱ ጠፋ ብሎ ያማርራል። ይህ ጠባይ በዘመናችን የተጀመረ አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ቅኔ ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ፣ የኀዘን ትርኢት በተመልካቹ ልብ ርኅራኄንና ፍርሃትን አስነሥቶ በዚያው እንደሚያነጻ አስተምሯል። ቅዱስ አውግስጢኖስ ግን በኑዛዜው መጽሐፍ በሦስተኛው ክፍል፣ በወጣትነቱ በካርታጎ ከተማ ሳለ ትርኢት ይወድ እንደ ነበር አስታውሶ፣ ሰው በራሱ ላይ እንዲደርስ የማይፈቅደውን መከራ በሌላው ላይ ሲደርስ እያየ ደስ መሰኘቱን መርምሯል። ተመልካቹ እንዲያዝን እንጂ እንዲረዳ አልተጠራምና፣ እንዲህ ያለው ርኅራኄ እውነተኛ መሆኑን ተጠራጥሯል።

የአዲስ አበባ ሰውም በከተማው በመጀመሪያ የተከፈተውን የሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ሲኒማ በጠቅላላው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ክርክርም ከመሰልቸቱ የተነሣ ፍሬ አይሰጥም። ነገር ግን ከዚያ ሰፊ ክርክር ውስጥ አንድ ጠባብ ጥያቄ ለይቶ መመርመር ይቻላል። የልብ አንጠልጣይ ፊልም ኀይል የሚታየው ከሁሉ ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ተመልካቹ የባለታሪኮቹን ስም እንኳ ሳያውቅ ልቡ የሚያዘው በዚያ ጊዜ ነው። እንግዲህ ጥያቄው፣ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ የተመልካቹ ልብ ስለ ማን እንዲፈራ ይደረጋል? ስለ ማንስ እንዳይገደው ይደረጋል? የሚል ነው።

አስቀድሞ የአሠራሩን መንገድ መረዳት ያስፈልጋል። ተመልካቹን የሚይዙት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ምሥጢር፣ ሁለተኛው ሥጋት ይባላል። በምሥጢር ጊዜ ተመልካቹ በታሪኩ ውስጥ ካሉት ሰዎች ያነሰ ያውቃል። ገዳዩ ራሱን ያውቃል፣ ተመልካቹ ግን አያውቀውም፤ ስለዚህ እንቆቅልሽ እንደ ቀረበለት ልጅ ፍቺውን ለማግኘት ይጓጓል። በሥጋት ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ተመልካቹ ከባለታሪኩ ይልቅ ያውቃል። አደጋው በየት በኩል እንደሚመጣ እርሱ ያያል፣ አደጋው የሚመጣበት ሰው ግን አያይም።

እንግሊዝ አገር የተወለደው የፊልም አዘጋጅ አልፍሬድ ሂችኮክ ከፈረንሳዊው ፍራንስዋ ትሩፎ ጋር በ1962 ዓ.ም. ባደረገው ረጅም ንግግር፣ በ1966 ዓ.ም. መጽሐፍ ሆኖ በታተመው ማለት ነው፣ ይህንኑ በምሳሌ አስረድቷል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው)። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ስለ ተራ ነገር ይጨዋወታሉ፤ ከጠረጴዛው በታች ቦምብ አለ። ተመልካቹ ይህን ሳያውቅ ቦምቡ ድንገት ቢፈነዳ፣ የሚያገኘው የ15 ሴኮንድ ድንጋጤ ብቻ ነው። ነገር ግን ቦምቡ ሲቀመጥ አስቀድሞ ቢያይ፣ የሚፈነዳበትንም ሰዓት ቢያውቅ፣ በክፍሉ ያለው ሰዓትም ሩብ ሰዓት እንደ ቀረው ቢያመለክተው፣ ያ ተራ ጨዋታ የ15 ደቂቃ ጭንቀት ይሆንበታል። ተነሡ፣ ውጡ ብሎ ሊጮኽባቸው ይወዳል።

አንባቢ በዚህ ምሳሌ ውስጥ ያለውን የምግባር ነገር ያስተውል። ተመልካቹን የሚያስጨንቀው ቦምቡ ብቻ አይደለም፤ ማወቁ ነው። በተራ ኑሮ የጎረቤቱን ቤት ሊያቃጥል የተዘጋጀ ሰው መኖሩን የሚያውቅ ሁሉ፣ ባለማስጠንቀቁ ይጠየቃል። ሲኒማው ይህን ዕዳ በተመልካቹ ላይ ይጭንበታል፣ መክፈያውን ግን ይከለክለዋል። ልብ አንጠልጣይ የተባለው ነገር ሥሩ ከዚህ ነው፤ ዕውቀት ከነግዴታው ተሰጥቶ፣ ድምፅና እጅ ግን ይታሰራሉ። ስለዚህ ይህን ዕዳ የሚጭነው አዘጋጅ፣ ለማን ሲባል እንደ ጫነው ሊጠየቅ ይገባዋል።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ፍሪትስ ላንግ በጀርመን አገር በ1931 ዓ.ም. ያወጣው «ኤም» የተባለው ፊልም ነው። ፊልሙ ሲጀመር ከሥዕሉ በፊት የሕፃን ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎም በአንድ የድሆች መኖሪያ ግቢ ልጆች ክብ ሠርተው ቆመው፣ አንዲት ልጅ በመካከላቸው ሆና ስለ አንድ ነፍሰ ገዳይ የሚናገር የጨዋታ ዘፈን እየዘፈነች በየተራ ስታስወጣቸው ይታያል። ልብስ የተሸከመች አንዲት ሴት ይህን ክፉ ዘፈን ተዉ ብላ ትገሥጻቸዋለች፤ እርስዋ ዘወር እንዳለች ልጆቹ እንደ ገና ይጀምሩታል። ሴቲቱ ወደ ላይ ወጥታ ለልብስ አጣቢዋ ለወይዘሮ ቤክማን ነገሩን ብታማርር፣ እናቲቱ ድምፃቸው እስከ ተሰማ ድረስ ቢያንስ በዚያ መኖራቸው ይታወቃል የሚል መልስ ትሰጣታለች። ይህ ቃል በተነገረ ጊዜ ቀላል ይመስላል፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ዝምታ ሲወርድ ተመልካቹ ትርጓሜውን ያገኘዋል።

የግድግዳው ሰዓት ቀትር መሆኑን ያሰማል። እናቲቱ ፈገግ ብላ እጅዋን ታደርቅና ለልጅዋ ለኤልሲ ገበታ ትዘረጋለች። ኤልሲም ከትምህርት ቤት ወጥታ በመንገድ ኳስዋን እያነጠረች ስትሄድ፣ ማስታወቂያ ወደ ተለጠፈበት ዓምድ ትደርሳለች። ማስታወቂያው ገዳዩን ለሚያመለክት ሰው 10,000 ማርክ ሽልማት እንደሚሰጥ የሚናገር ነው። ኳሱ በዚያ ጽሑፍ ላይ ሲነጥር፣ የአንድ ሰው ጥላ በላዩ ይወድቅና ኳስዋን እያመሰገነ ስምዋን ይጠይቃታል። ፊቱ አይታይም። ከዚያ በኋላ ዓይነ ስውር ከሆነ ነጋዴ ፊኛ ይገዛላታል፤ ሲገዛም አንድ የታወቀ ዜማ በፉጨት ያሰማል። እናቲቱ ግን ከሌሎቹ ልጆች ጋር አልመጣችምን ብላ ትጠይቃለች፤ ሰዓቱን ታያለች፤ በደረጃው ላይ ቁልቁል ኤልሲ! እያለች ትጣራለች። ለጥሪዋ መልስ ሆነው የሚታዩት ባዶው ደረጃ፣ ልብስ የተሰጣበት ባዶው ሰገነት፣ ያልተነካው ሳሕንና ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ናቸው። ቀጥሎም ኳሱ ከቍጥቋጦ ውስጥ ተንከባልሎ ይቆማል፤ ፊኛውም በስልክ ሽቦ ተይዞ ጥቂት ከተወዛወዘ በኋላ በነፋስ ይወሰዳል።

ደም አልታየም፣ የገዳዩም ፊት ገና አልታወቀም፤ ስለዚህ ምሥጢሩ እንዳለ ነው። ነገር ግን ከምሥጢሩ አስቀድሞ የተተከለው የእናቲቱ ገበታ ነው። ላንግ ተመልካቹን ገዳዩ ማን ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ የተገደለችው ማን ናት የሚለውን አሳውቆታል። ስም አላት፣ ኳስ አላት፣ የሚጠብቃትም ምሳ አለ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ስለ ፖሊሶችና ስለ ሌቦች፣ ስለ ፍርድና ስለ ሕመም ብዙ ይናገራል፤ ገዳዩም ራሱ በሌቦች ሸንጎ ፊት ቆሞ ስለ ራሱ ሲለምን ተመልካቹ ሊያዝንለት ይፈተናል። ያ ባዶ ሳሕን ግን እስከ ፍጻሜው ድረስ ከልብ አይጠፋም፤ ፊልሙም የሚያበቃው በልጆቻቸው እናቶች ኀዘን ነው። እንዲህ ያለው አጀማመር የጫነውን ዕዳ በእውነት ለተገባው ሰው ጭኖታል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ምስክር የሂችኮክ ፊልም «ሮፕ» ነው፤ ትርጓሜውም ገመድ ማለት ነው። ፓትሪክ ሃሚልተን በ1929 ዓ.ም. ካወጣው ተውኔት ተወስዶ በ1948 ዓ.ም. የተሠራ ነው። ሰላማዊ መንገድ ከላይ ሆኖ ይታያል፤ መጋረጃው ከተዘጋ መስኮት በስተኋላ ጩኸት ይሰማል፤ ወዲያው በክፍሉ ውስጥ ሁለት ወጣቶች የትምህርት ጓደኛቸውን ዴቪድን በገመድ አንቀው ሲገድሉት ይታያል። ምክንያታቸውም ቂም ወይም ገንዘብ አይደለም፤ የበላይ የሆነ ሰው የበታቹን ቢገድል አይጠየቅም የሚል ትዕቢት ነው። ሬሳውን በሣጥን ውስጥ ያስገቡትና በዚያው ሣጥን ላይ ራት ያቀርባሉ፤ ከሚጋበዙትም እንግዶች መካከል የሟቹ አባት ይገኝበታል። ለአባቱም የሚሰጡትን መጻሕፍት የሚያስሩት በዚያው ገመድ ነው።

እዚህ ላይ ማን ገደለ የሚል ምሥጢር የለም፤ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተገልጧል። የተጫነው ዕውቀት ግን ከፊተኛው የከበደ ነው። ተመልካቹ የገዳዮቹ ምሥጢር ያዥ ሆኗልና፣ ምሥጢር ያዥ ደግሞ ሳይወድ የነገሩ ተካፋይ ይሆናል። ሠራተኛይቱ ሳሕኖቹን አንሥታ ሣጥኑን ልትከፍት ስትቃረብ፣ ፍትሕ እንዲገለጥ የሚመኘው ያው ተመልካች፣ በልቡ ውስጥ እንዳትከፍተው የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ግን እውነት ነው። ሰው ለረጅም ጊዜ የማንን ሥጋት ሲካፈል ከቈየ፣ ለዚያ ሰው ወደ መቆም ያዘነብላል፤ ያ ሰው ክፉ መሆኑን እያወቀም ቢሆን። የሂችኮክ ፊልም ከነቀፋ የሚድነው በአንድ ነገር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዴቪድ ለምን ቀረ እየተባለ ይጠየቃል፤ አባቱ ይጠብቀዋል፣ እጮኛው ትጠብቀዋለች፣ የታመመች እናቱም ትጨነቅለታለች። በሣጥን የተዘጋበት ሰው ከገበታው አልተረሳም፤ ተመልካቹም በፈራ ቍጥር ለማን እንደ ፈራ ራሱን ለመጠየቅ ይገደዳል።

ሦስተኛው ምስክር ከሁሉ የበለጠ አስቸጋሪ ነው። ኦርሰን ዌልስ በ1958 ዓ.ም. ያወጣው «ታች ኦቭ ኢቭል» የተባለው ፊልም፣ ትርጓሜውም የክፋት ንክኪ፣ የሚጀምረው ከሦስት ደቂቃ በላይ ሳይቋረጥ በሚሄድ አንድ ሥዕል ነው። ስፍራው በሜክሲኮና በአሜሪካ ወሰን ላይ ያለ ከተማ ነው። የአንድ ሰው እጅ የቦምብ ሰዓት ይሞላል፤ ሰውየውም በጨለማ ሮጦ ቦምቡን በቆመ አውቶሞቢል የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ያኖረዋል። አንድ ባለጸጋና አንዲት ሴት ሳያውቁ መጥተው ገብተው ይነዳሉ። ካሜራው ከፍ ብሎ ከጣራ በላይ ያልፍና ወደ መንገዱ ይወርዳል። በዚያም አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት በእግራቸው ሲሄዱ ያገኛቸዋል፤ ባልየው ቫርጋስ የሚባል የሜክሲኮ ሹም ነው። ከዚያ ወዲያ አውቶሞቢሉና ሙሽሮቹ አንድ ጊዜ ይቀዳደማሉ፣ አንድ ጊዜ ይገናኛሉ፤ በሕዝብ ብዛትም፣ በፍየል መንጋም መካከል ጎን ለጎን ይሆናሉ። ቦምቡ ከታየበት ሰዓት ጀምሮ ማንም ስለ ቦምቡ አልተናገረም፤ ተመልካቹ ብቻ ይቈጥራል።

የስቱዲዮው ኩባንያ በዚህ መጀመሪያ ላይ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝርና ሙዚቃ ጨምሮበት ነበር። ዌልስ ግን በኩባንያው አሠራር ላይ ያለውን ሐሳብ በ58 ገጽ ማስታወሻ ጽፎ ነበርና፣ እርሱ በ1985 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ በ1998 ዓ.ም. ፊልሙ በዚያ ማስታወሻ መሠረት እንደ ገና ሲስተካከል ስሞቹና ያ ሙዚቃ ከመጀመሪያው ተነሡ። አሁን የሚሰማው የመንገዱ ድምፅ ነው፤ ከየመጠጥ ቤቱ የሚወጣው ዜማ፣ የሰዎች ወሬ፣ የአውቶሞቢሉም ሬድዮ።

አውቶሞቢሉ ከወሰኑ በር ላይ ደርሶ ሹማምንቱ ከባለጸጋውና ከቫርጋስ ጋር ሲነጋገሩ፣ በአውቶሞቢሉ ውስጥ ያለችው ሴት በራስዋ ውስጥ የሰዓት ምት የመሰለ ድምፅ እንደሚሰማት ትናገራለች። ማንም አይሰማትም። አውቶሞቢሉ ያልፋል፤ ሙሽሮቹ ሊሳሳሙ ሲቃረቡ ፍንዳታው ይሰማል፤ እሳቱም ከሩቅ ይታያል።

በዚያች ቅጽበት የተመልካቹ ልብ ምን ይላል? እውነቱ ከተነገረ፣ እፎይ ይላል። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ስለ ሙሽሮቹ ሲፈራ ቈይቷልና፣ እነርሱ በሕይወት መቆማቸውን ሲያይ ሁለት ሰዎች በእሳት መቃጠላቸውን እንደ ትንሽ ነገር ይቈጥረዋል። ይህም የሆነው ተመልካቹ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ አዘጋጁ ፊታቸውን በቅርብ ያሳየው የሁለቱን ነው፣ ፍቅራቸውንም የነገረው የሁለቱን ነው። በአውቶሞቢሉ ውስጥ ያሉት ግን ቦምቡን የሚያዞሩ ዕቃዎች መስለው አለፉ። ታሪኩም ከዚያ በኋላ የሚመረምረው በተለይ የባለጸጋውን ሞት ነው፤ ክዊንላን የተባለ የፖሊስ አለቃ በዚሁ ምርመራ ሐሰተኛ ማስረጃ ሲያኖር፣ ቫርጋስ ደግሞ ሲያጋልጠው የፊልሙ ነገር ሁሉ በዚያ ይሞላል። የሴቲቱ ስም ግን በጥቂቱ ተነሥቶ ይቀራል። የጭፈራ ቤት ሴት ነበረችና የሚያስብላት የለም። ሆኖም የሞቱን ድምፅ አስቀድማ የሰማችው እርስዋ ብቻ ነበረች፤ ከተመልካቹ በቀር እውነቱን የቀረበ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ሌላ አልነበረም።

ዌልስ ይህን አስቦ አድርጎት ይሆን ወይስ ሳያስብ፣ ፍርዱ ለተመልካቹ ይቀራል። ነገሩ ግን በብዙ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ዘንድ ልማድ የሆነውን ያመለክታል። ታሪኩ እንዲጀመር አንድ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ይሞታል፤ ስሙም አይታወቅም፣ የሚያለቅስለትም አይታይም። ሬሳው የታሪኩ መክፈቻ ቍልፍ ነው፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ ቍልፉን ማንም አያስታውሰውም። ተመልካቹም ከጊዜ ብዛት ይህን ይለምድና፣ የመጀመሪያው ሟች ስለ ሞተ ሳይሆን አሁን ደስ የሚል ነገር ሊጀመር ነው ብሎ ተመቻችቶ ይቀመጣል። «በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ለዚህ ዓይነቱ ጠባይ የተነገረ ይመስላል። ኤልሲም በፊልሙ መጀመሪያ የሞተች ናት፤ ነገር ግን ሞትዋ ባዶ ስፍራ ትቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የደም መብዛትና ማነስ አይደለም፤ የሞተው ሰው የሚጎድልበት ቤት አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው።

በዚህ ላይ የቅዱስ አውግስጢኖስ ወቀሳ ይመለሳል። ለኤልሲ ያዘነውስ ተመልካች ምን ጠቀማት? ከወንበሩ አልተነሣም፣ ሊነሣም አይችልም ነበር። ለኤልሲ እንባውን ያፈሰሰ ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ በደጃፉ የምትለምነውን ሕፃን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል፤ እንዲያውም ርኅራኄውን በውስጥ ስለ ጨረሰ በውጭ የሚሰጠው አይቀርለት ይሆናል። ይህ ወቀሳ ከባድ ነው፤ የፊልም ወዳጆችም በቀላሉ ሊመልሱት አይችሉም። ፊልም ሰውን ደግ ያደርጋል የሚል ሰው ቢኖር፣ ምስክር አያገኝም።

ነገር ግን ከዚያ ያነሰ፣ ይሁን እንጂ የማይናቅ አንድ ጥቅም አለ። እንዲህ ያለው አጀማመር ሰውን ለራሱ ይገልጠዋል። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ለፍጥረት ሁሉ እራራለሁ ይላል፤ ሁለት ሰዎች ሲቃጠሉ እፎይ ያለባት ቅጽበት ግን ሌላ ትመሰክርበታለች። ይህችም ቅጽበት በሲኒማ ቤት ብቻ የምትገኝ አይደለችም። በመንገድ አውቶቡስ ተገለበጠ የሚል ወሬ በመጣ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ከአፍ የሚወጣው ጥያቄ የኛ ሰው አለበት ወይ? የሚል ነው። የለበትም ሲባል ተመስገን ይባላል፤ የሞቱት ግን አልቀነሱም። ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሁሉ ጨካኝ ነው ማለት አይደለም፤ ልብ የቅርቡን አስቀድሞ መፈለጉ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ጥፋቱ ያለው ምርመራው በዚያው ሲያበቃ ነው። የኛ ሰው የለበትም ከተባለ በኋላ፣ እንግዲያ የማን ሰው አለበት? የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር፣ ያ ወሬ ለሰሚው የሌላ ሰው ታሪክ መክፈቻ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የልብ አንጠልጣይ ፊልም አዘጋጅ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚሠራው ሥራ ከጥበብም በላይ የፍርድ ሥራ ነው። ካሜራውን ወደ አንዱ ሲያቀርብና ከሌላው ሲያርቅ፣ የማን ሕይወት እንደሚከብድ፣ የማንስ እንደሚቀልል እየቈረጠ ነው። ምሥጢሩን ቢሸሽግ፣ ሥጋቱን ቢያበዛ፣ ጥላና ፉጨት ቢጠቀም አይነቀፍም፤ ይህ የሙያው መሣሪያ ነው። የሚነቀፈው ጕጕትን ለማስነሣት የሰውን ሞት ዋጋ አሳጥቶ ሲያወጣ ነው። ተመልካቹም ከዚህ ፍርድ ነጻ አይደለም። ፍርሃቱን ለመረጡለት ሰው ብቻ ሰጥቶ መውጣት ይችላል፤ ወይም ከመብራቱ መብራት በኋላ ጥቂት ቈይቶ፣ በመጀመሪያው ደቂቃ የሞተው ማን ነበር ብሎ ስሙን ለማስታወስ መሞከር ይችላል። ስሙን ካላገኘው፣ ያላገኘው ስላልተነገረው ይሁን ወይስ ስላላዳመጠ፣ ያን ለራሱ ይመልስ።